ሁለት ስጫን አራት ያለው ስልክ

ደብረ ማርቆስ ስማር የመመረቂያ ሥራዬ የተጫኑትን ቁጥር ጮክ ብሎ የሚናገር የዓይነ ስውራን ስልክ ነበር። ቁልፎቹን ለሚያነበው ድራይቨር ለሚባለው ፕሮግራም፣ የትኛው ቁጥር በየትኛው ረድፍና ዓምድ እንዳለ ጻፍኩለት። አንድን ስጫን «አንድ» አለኝ፤ በዚያው አመንኩት።

በፈተናው ቀን መምህራኑ ስልኩን የሚሞክሩ አንድ ዓይነ ስውር የኔታ ይዘው መጡ። የኔታ ሁለትን ሲጫኑ «አራት» አለ። ሦስትን ሲጫኑ «ሰባት»። መምህራኑ መጻፍ ጀመሩ።

የኔታ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዳበሱና «ወደ ጎን ያለውን ቁልቁል ነግረኸዋል» አሉኝ።

ከዚያ ፈገግ አሉ። ስሜን ማንም አልነገራቸውም።

«የቁይ ከተማው ልጅ ይበልጣል አይደለህም? ፊደል ሳስቆጥርህም ወደ ጎን ስልህ ቁልቁል ትወርድብኝ ነበር።»