የቢራቱ ባለ ቱርቦ ሞተር በሚኤሶ አቀበት

ቢራቱ ከሞተሩ በፊት ማስታወቂያውን ጨረሰ። ጭሮ ካለው ጋራዡ ደጅ «ቢራቱ የሞተር ዲዛይንና ልማት» የሚል ቆርቆሮ ሲሰቅል፣ ውስጥ የነበረው ልማት አንድ የተፈታ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተርና ከተገለበጠ የጭነት መኪና የተነቀለ ቱርቦ፣ ማለትም ለሞተር አየር እየገፋ ጉልበት የሚጨምር መሣሪያ፣ ነበር። ሁለቱ ገና አልተዋወቁም።

ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም። ሌላ ሰው የነደፈውን ሲጠግን ጠጉሩ ሸብቷል፤ አንድ ሞተር እንኳ «ይህ የቢራቱ ነው» ሳይባልለት መሞትን ፈራ። ስለዚህ ጫት ነጋዴዋ ዑሙልኸይር ያለቻትን አንድ ፒካፕ ስታመጣለት ከሰላምታው በፊት ኮፈኑን ከፈተ።

«አቦ ቢራቱ! ከሚኤሶ ጭና ሳታቃስት ጭሮ ከገባች፣ የነጋዴውን መኪና ሁሉ አመጣልሃለሁ። ካልገባች የድሮ ሞተሬን ትመልሳለህ፤ ያንን ቆርቆሮም ታወርዳለህ።»

«አዴ፣ ተራራውን ጎትታው ነው የምትመጣው!» አለ ቢራቱ፣ እንደ አገሩ ልማድ እናቴ ብሎ እያከበራት።

የፒካፗን ሞተር አውጥቶ የራሱን ከነቱርቦው ገጠመ፤ የልማቱ ዘመን ተጀመረ። የመጀመሪያው ሙከራ ጥቁር ጭስ አወጣ። ሁለተኛው የባሰ ጥቁር ጭስ አወጣ፤ ቢራቱ እድገት ነው አለ። ቱርቦው ከልኩ በላይ ትልቅ ስለሆነ እስኪነቃ ድረስ ሹፌሩ የጎረቤት ሐሜት ይጨርሳል። ከነቃ ግን ይስባል፤ ይህን ጠላትም አይክድም። ያስቸገረው ሙቀት ነው። ቱርቦው የሚገፋው አየር ስለሚግል፣ ከራዲያተሩ ፊት ሌላ ትንሽ ማቀዝቀዣ ገጠመ። ለጭሮ ብርድ በቃ። ለሚኤሶ ቆላ ሲጨነቅ ግን ያገሩ ልጅ የሚያውቀውን አደረገ። ጫት ቆላ ሲወርድ እንዳይጠወልግ በምን ይሸፈናል? በእርጥብ ጆንያና በሙዝ ቅጠል። ማቀዝቀዣውንም ራዲያተሩንም እንደ ምርጥ ጫት ጠቀለላቸው።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ዑሙልኸይር፣ ሚኤሶ ወርደው ለጭሮ የሚወጣው ማሽላ ተጭኖ ሲያልቅ።

«ማቀዝቀዣ ነው፣ አዴ። የእርስዎ ጫት በዚህ አይደል ለምለም ሆኖ የሚያድረው?»

«ጫቴ ናፍጣ አይጠጣም» አለች። ገባች ግን።

አቀበቱ ሥር ቱርቦው ነቃ። ፒካፗ አንድ አይሱዙ አልፋ ስትወነጨፍ ቢራቱ መዝሙር ጀመረ፤ ዑሙልኸይር «ቢስሚላህ» አለች። ለአንድ ኩርባ ያህል በምዕራብ ሐረርጌ ከእሱ በላይ የሞተር ነዳፊ አልነበረም። ከዚያ ቅጠሉ በሰለ። ከኮፈኑ ሥር የጎመን ሽታ መጣ፤ ራዲያተሩ ፈላ፤ የሙቀት መርፌው ቀዩ ላይ ተኛ። ስድስቱም ሲሊንደሮች በሙሉ ድምፅ ወስነው ሥራ አቆሙ።

«እርጥብ ነበር እኮ!» አለ ቢራቱ።

«ነፋሱንስ በየት አስገባኸው?»

ቢራቱ ኮፈኑን ከፍቶ አየ። መልሱ እዚያው ነበር፤ የነፋሱን መግቢያ ደፍኖ፣ ተቀቅሎ።

ቀድመውት የነበረው አይሱዙ ደርሶ፣ ጎትቶ ጭሮ አስገባቸው። ጠዋት «ኢንጂነር» ብሎ የሸኘው ሰፊው ሕዝብ ማታ «ወጥ ቤት» ብሎ ተቀበለው። ቢራቱ ማንም ሳይጠይቀው መሰላል ይዞ ቆርቆሮውን አወረደ፤ የድሮውን ሞተርም መለሰ።

ቆርቆሮው ዛሬ የዑሙልኸይር የጫት መሸጫ መደብ ጣሪያ ነው፤ ጽሑፉ ወደ ውስጥ። ከሥሩ ጫቱ በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ ለምለም እንደሆነ ይውላል። ቢራቱ አልፎ አልፎ ይመጣና አንጋጦ ያነበዋል።

«ዲዛይኑ እኮ ይሠራል፣ አዴ።»

«ለጫት» ትለዋለች።