ፊት ቀቢው ሙመድና የጥሩወርቅ ጉንጭ

አቦ፣ ሙመድን ያላወቀ ድሬዳዋን አውቃለሁ አይበል! መጋላ ገበያ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ፣ ለእኛ ለቀበሌው ኪነት ደግሞ ፊት ቀቢ ነበር። ዕቃው ኩል፣ ዱቄት፣ የከሰል ብናኝና ከጅቡቲ በኮንትሮባንድ የገባ ሊፒስቲክ ነው። በዚያው አብሮን የሚጫወተውን ጢማሙን ዋበሪን ሙሽሪት ያደርገዋል። ጎረምሶች ሲያፏጩለት «እፈሩ እንጂ፣ የሰው ሚስት ናት!» ብሎ ይቆጣል። እንዴት ያለ ተጫዋች ሰው መሰላችሁ።

በቀይ ሽብር ጊዜ የጓደኛችን የጥሩወርቅ ወንድም ሣህሉ ተገደለ። «ለፀረ አብዮተኛ» ማልቀስ ክልክል፣ ድንኳን መትከል ክልክል። በማግስቱ ከሰዓት ትርኢት አለብን፤ የቀረ ሰው ይጠየቃል። ጥሩወርቅ ሻሿን እስከ ዓይኗ አውርዳ መጣች። ስትገልጠው ክው አልኩ! ሁለቱንም ጉንጮቿን በጥፍሯ ነጭታቸዋለች። እህት ነቻ፣ ምን ታድርግ? ግን የቀበሌው ካድሬ ያንን ጭረት ካየ፣ ማልቀሷን አወቀ ማለት ነው። አለቀላት።

በትያትሩ የእሷ ቦታ ሠርጉ ላይ እልል የምትለው ሚዜ ነው። ሙመድ ጉንጯን በዱቄት ለቀለቀው። ላቧና እንባዋ ወዲያው አጠበው፤ የድሬ ሙቀት መቼ ይምራል! ደገመው፤ አሁንም ወረደ። ብሩሹን ወረወረና «ወላሂ ይሄ አይሸፈንም» አለ። «በይ እህቴ፣ እልልታውን ማዘንጊያ ትበለው። አንቺ የእሷን ቦታ፣ ልጇ ጦር ሜዳ የሞተባትን እናት ተጫወቺ።»

ማዘንጊያ እኔ ነኝ። ቶሎ ልብስ ተቀያየርን። ሙመድ ሊፒስቲኩን አንስቶ የገዛ ቁስሏን ቀላ አድርጎ ቀባው፤ እውነቱን ውሸት አስመሰለው።

«የሣህሉን ስም ብቻ እንዳትጠሪ፣ በአላህ!» አላት።

ወጣች። ደረቷን እየደቃች፣ እየወደቀች እየተነሳች አለቀሰች። አዳራሹ ውስጥ ስንቱ ሰው ሐዘኑን ውጦ ተቀምጦ ኖሯል! ተከትሏት እዬዬ አለ። ካድሬው ብድግ ብሎ «ይሄ ነው ተዋናይ!» እያለ አጨበጨበ። ምላሱን ይቁረጠው!

ከመጋረጃው ጀርባ ሙመድ ፊቷን ሊያጥብላት ውሃ አቀረበ። እሷ ግን እጁን ያዘችው።

«ወንድሜን በሌላ ሰው ስም አለቀስኩት» አለችው።

ሙመድ ዞር ዞር ብሎ አየና ጆሮውን ወደ አፏ አስጠጋ። «በይ፣ አሁን ጥሪው» አላት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ እኔ አልሰማሁም። ሙመድ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሣህሉን በስሙ ያለቀሱለት ሁለቱ ብቻ ናቸው።