የቺፑ ትኩሳት

እውነቱን ልናገርና፣ ያን ሰሞን ከማሰብ ይልቅ ሰው መወንጀል ቀሎኝ ነበር። ከመንጌ ወዲያ ባለች መንደር የተከልኩት የሶላር ውኃ ፓምፕ በየቀኑ ቀትር ላይ ቀጥ ይላል። ፀሐይ አናት በምትበሳበት፣ ኃይል በተትረፈረፈበት ሰዓት! አየሯ ቀዝቀዝ በሚለው አሶሳ ስሞክረው ምንም አላለም ነበር። ሴቶቹ ጀሪካን ደርድረው ይጠብቃሉ፤ ሲሰለቻቸው ወንዝ ይወርዳሉ።

የመቆጣጠሪያውን ሳጥን ቁልፍ የያዙት አንዲት የበርታ እናት ነበሩ። ሰዉ "እሷ ናት የምታጠፋው፤ ሰው ሲበተን ለዘመዶቿ ልትቀዳ" ይላል። የውኃ ኮሚቴው ዓርብ ከሶላት በኋላ ተሰብስቦ ቁልፉን ሊቀማቸው ነው። እኔ ደግሞ ጭራሽ አባባስኩት። ሳጥኑ ላይ እርጥብ ጆንያ ተጥሎ ባገኝ ጊዜ "ይኸው፣ ነካክተውታል!" ብዬ ለኮሚቴው ሊቀመንበር ተናገርኩ።

"ሲሞቀው አለበስኩት እንጂ አልነካም" አሉኝ። አላመንኳቸውም።

ሳጥኑ ውስጥ ፓምፑን የሚያዝ ማይክሮኮንትሮለር አለ፤ ከጥፍር የማትበልጥ ቺፕ ናት። የራሷን ሙቀት የምትለካበት ሴንሰር እዚያው ሆዷ ውስጥ አላት። "ሰማንያ አምስት ዲግሪ ከደረስሽ ፓምፑን አቁሚ፣ ሲበርድሽ ቀጥዪ" የሚለውን ፕሮግራም የጻፍኩላት እኔው ነኝ። ቀትር ላይ ላፕቶፕ ሰክቼ አየሁ፤ ሰማንያ ስድስት ትላለች። ጣቴን ጫንኩባት። ትሞቃለች፣ ግን አታቃጥልም። ሰማንያ ስድስት ዲግሪ እኮ ጣት የሚልጥ ነው! ጣቴ በብየዳ ደንዝዞ ይሆን? ሽቦ ቀየርኩ፤ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች ሁለቴ አነበብኩ። ጣቴን ልመን ወይስ ቁጥሩን? ራሴ ዞረ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ያን የሰደብኩትን ጆንያ ራሴው ነክሬ መልሼ ጣልኩበት። ግማሽ ሰዓት ሠራና ቆመ። ይባስ ብሎ ግራ ገባኝ።

ሐሙስ ዕለት ሴትዮዋ ያለሁበት ድረስ መጡና ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

"ነገ አንተ ክፈት። እኔ ቤት ነው። ፓምፕ ከቆመ፣ ማን አቆመ?"

ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ሳጥኑን ከፈትኩ። አየሩ ቀዝቀዝ ብሏል። ቺፗን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘኋት። አርባ ዘጠኝ ዲግሪ! ኧረ በሕግ አምላክ! ሌሊቱን ሙሉ ጠፍታ ያደረች፣ ያሞቃት ምንም ነገር የሌለ። ከቦርሳዬ ቴርሞሜትር አውጥቼ አጠገቧ አስቀመጥኩ፤ አሥራ ዘጠኝ አለኝ። ገና ሥራ ያልጀመረች ቺፕ ከአየሩ እኩል መሆን ነበረባት። ሠላሳ ዲግሪ ትዋሻለች ማለት ነው።

ሴንሰሩ ከቺፕ ቺፕ ይለያያል፤ እያንዳንዱ በየራሱ ከቴርሞሜትር ጋር ተመሳክሮ መታረም አለበት። ይህን አላውቅም ብል ፈጣሪ ይፈርድብኛል፤ አውቃለሁ። አሶሳ አንዷን ቺፕ አርሜ ያገኘሁትን ማስተካከያ ሰነፍኩና ለዚህችም ገለበጥኩላት። አልነካሁም ሲሉኝ ያላመንኳቸው ሴት ደግሞ ቤታቸው ቁጭ ብለው ፍርድ ይጠብቃሉ። እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼው አላውቅም።

ቁጥሩን አረምኩ። ፓምፑ ቀትርን ዝንፍ ሳይል አለፈ።

ከሶላት በኋላ ከማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ተነሥቼ "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኚህ እናት ምንም አልነኩም፤ ስማቸውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኩ። ከተሰበሰቡት ብዙዎቹ አማርኛ አይሰሙም። ሊቀመንበሩ ወደ ሴትዮዋ ዞረው "ነገሩ ያንቺ ነው፣ ራስሽ ንገሪያቸው" አሏቸው። ሴትዮዋም በበርታ ቋንቋ አጠር አድርገው ተናገሩ። ሰዉ እልል አለ፤ አንዳንዱ እኔን እያየ ያጨበጭባል። ለምኑ ነው የሚያጨበጭቡልኝ?

አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ እጄን ጨበጡኝ። "ማሽን ታመመ፣ አንተ አዳነ። አላህ ይስጥህ።"

"እንደዚህ ነው ያሏችሁ?"

"እንደዚህ ነው።"

ሰዉ ሲበተን ሴትዮዋን ተከትዬ ሄድኩ። "እማማ፣ ያልኩትን ለምን አልነገሯቸውም?"

ጀሪካናቸውን መሬት አስቀምጠው አዩኝ። "ጥፋት አንተ ነው ካልኩ ሰው አያምንህም፤ አትምጣ ይላል። ነገ ቢበላሽ ማን ይሠራል?"

እኔ አንዲት ቀን እንኳ ሳላጣራ ስማቸውን ለሊቀመንበሩ አሳልፌ የሰጠሁት ሰውዬ፣ ጀሪካናቸውን አንሥቼ ተከተልኳቸው።