ዛሬ ቀርቷል ልልሽ ነው

ስልኬ መሞቱን የነገረኝ የሰፈራችን ባለ ሞባይል ቤት ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ታክሲ መዞሪያው አጠገብ ካለችው ጠባብ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ፣ ስልኬን እንደታመመች ዶሮ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና «እትዬ፣ ይሄ ስልክ እኮ ሞቷል» አለኝ። ቃሉን ሳይጨርስ ስልኩ እጁ ላይ ጮኸ። ልጄ ነበረች የደወለችው።

«የሞተ እንዲህ ሲጮህ የት አይተሃል?» አልኩት።

ሳቀ። «ስልኩ አይደለም፣ ዘሩ ነው የሞተው። የሠሩት ሰዎች ትተውታል። አፕ የሚሠራለትም የለም። አሁን እኮ ዓለም ሁሉ አንድሮይድ ነው።»

«ዓለም እንደፈለገ ይሁን! እኔ ምን ቤት ነኝ?» ብዬ ስልኬን ተቀብዬው ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር በጣም ነበር የተናደድኩት።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ስልክ በማገናኘት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ኦፕሬተር ነበርኩ። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ «ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» ስል ፀጉሬ ሸበተ። ጡረታ ስወጣ የሥራ ጓደኞቼ ተሰባስበው የሰጡኝ ይሄንን ስልክ ነው። ስከፍተው ትልልቅ ሳጥኖች እንደ ንጣፍ ድንጋይ ይደረደራሉ። ያለ መነጽር አነባቸዋለሁ። የልጄ ፎቶ ያለበት ሳጥን ከላይ በስተግራ ነው፤ መብራት ጠፍቶ እንኳ አውራ ጣቴ አይስተውም። ኮረኮንች ላይ ስንቴ ጥዬዋለሁ፣ ጭረት እንጂ ስብራት አያውቅም። ድምፁማ አይነሳ! የደወለልኝ ሰው ጎኔ የተቀመጠ ነው የሚመስለኝ። ታዲያ እንዲህ ያለ ስልክ ሰው አልወደደውም ተብሎ ይጣላል? ሰው የማይወደው ነገር ሁሉ ይጣል ቢባልማ እኔ ራሴ ከመሥሪያ ቤት ገና ድሮ በተባረርኩ።

ችግሩ የመጣው በእግር ጉዞ ነው። ስኳር አለብዎት ስባል ሐኪሟ በየቀኑ ይራመዱ አለችኝ። በሰፈራችን ማለዳ ማለዳ ወደ እንጦጦ የሚወጡ ሴቶች ነበሩና ተቀላቀልኳቸው። ግማሾቹ እንደ እኔ ስኳር ያለባቸው፣ ግማሾቹ ደግሞ ደም ብዛት። ዳገቱን ስንወጣ የምናወራው ስለ መድኃኒትና ስለ ሰው ሠርግ ነው። ይኬዳል፣ አይኬድም፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው መንገድ፣ ይሄ ሁሉ የሚነገረው ግን በስልክ ግሩፕ ነው። የግሩፑ አፕ ደግሞ በእኔ ስልክ ላይ አይሠራም። «ደውሉልኝ» አልኳቸው። «እሺ» ይላሉ፣ ይረሳሉ። ግሩፕ ላይ የጻፈ ሰው ለሁሉም የነገረ ይመስለዋል።

አንድ ማለዳ በተባባልነው ሰዓት ወጥቼ ዳገቱ ሥር ቆምኩ። ሰው የለም፣ ውሻ እንኳ የለም። ትንሽ ቆይቶ ዝናቡ ወረደ። የተዘጋች ኪዮስክ ጥግ ተለጥፌ ብጠብቅ ብጠብቅ፣ ከሚሮጡ አትሌቶች በቀር የሚያልፍ ጠፋ። ሰውነቴ በስብሶ፣ ጫማዬ ጭቃ ተሸክሞ ቤቴ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ከሴቶቹ አንዷን አትክልት ቤት አገኘኋት።

«እንዴ! ቀርቷል ተብሎ ተጽፎ ነበር እኮ፣ አላየሽም?»

«በምኔ ልየው? በግንባሬ?»

እሷ ስቃ አለፈች። እኔ ግን ከዚህ በኋላ እዚያ ዳገት ሥር ብቆም ከምላሴ ፀጉር ብዬ ገባሁ።

በዚያኑ ዕለት ማታ ጎረቤቴ መጣች። በሯ ከበሬ ፊት ለፊት ነው። ወላጆቿ ከአያት ሰፈር ወዲያ ገበሬዎች ነበሩ፤ ከእህቶቿ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ነው የምታወራው። ከባሏ ጋር ሆና ግቢዋ ውስጥ ላሞች ታረባ ነበር፤ የዚህ ሰፈር ልጅ የሷን ወተት ሳይጠጣ ያደገ የለም። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዓምና አረፈ። መኖ የሚያመጣው፣ ጋጣውን የሚያጸዳው እሱ ነበርና ላሞቹ ብዙም ሳይቆዩ ተሸጡ። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ አጥሯል። ከእኛ ጋር ትራመዳለች እንጂ አታወራም። ያን ማታ ግን ዝናብ ላይ መቆሜን ሰምታ በሩን ይዛ ቆመች።

«አፈር ስሆን፣ እኔ እንኳ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ከነገ ጀምሮ መጥቼ አንኳኳልሻለሁ» አለችኝ።

«ምን በወጣሽ! ደውዪልኝ በቃ።»

«ከበሬ እስከ በርሽ ምን አለና ነው የምደውለው?»

ማንኳኳት ስትል ደግሞ ማንኳኳት ነው! ከመንገዱ ድቡልቡል ድንጋይ አንስታ የቆርቆሮ በሬን ስትደበድበው ሰፈሩ ሁሉ ይነቃል። ድንጋይዋን ከበሩ መቃን ሥር ታስቀምጣታለች፣ በማግስቱ እዚያው ታገኛታለች። አንድም ቀን አላጓደለችም። ይበልጥ የገረመኝ ግን ጉዞው የቀረ ዕለት ነው። ጎህ ሳይቀድ በሩ ተደበደበ። ጋቢዬን ጣል አድርጌ ስከፍት ለባብሳ፣ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች።

«ዛሬ ቀርቷል ልልሽ ነው» አለችኝ።

«ምን?»

«ዝናብ ነው፣ ቀርቷል። ተኚ።»

«ቀርቷል ልትዪኝ ነው ከእንቅልፌ የቀሰቀስሽኝ?»

«ታዲያ ካልነገርኩሽ በምን ታውቂያለሽ?»

እኔ ነቅቻለሁ፣ እሷ ለብሳለች። ተያይተን ቆየንና ሳቅ አመለጠን። «እንግዲያው ምን እንተኛለን፣ እንውጣ» አልኳትና ሁለታችን ብቻ በአንድ ጃንጥላ ወጣን። ከዚያ ወዲህ የቀረ ቀን ሁሉ የእኛ ቀን ሆነ። ዝናብ የነካው ባሕር ዛፍ ሽታው ልብ ያርሳል። ሌሎቹ በሌሉበት እሷም ታወራለች። መንገድ ላይ ላም ካየች አታልፍም፤ ጀርባዋን ዳሰስ አድርጋ «ይቺ ጨው ያንሳታል»፣ «ይቺ ልትወልድ ነው» ትላለች። አንዴማ የሰው ጊደር አቅፋ ስትስም ባለቤቱ ደርሶ ሌባ ሊያደርገን ነበር። ስለ ባሏም ቀስ በቀስ ታነሳው ጀመር፤ ወተት ሲያልብ እየዘፈነ ላሟን ያስደነግጥ እንደነበር ነግራኝ በሳቅ አፈረሰችኝ። እንደ እሷ ያለ ሰው አላየሁም። ቃሏን እንደ ጡት ልጅ ነው የምታዝለው።

ለዳግማይ ትንሣኤ ልጄ ከአያት መጣች። አያት ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፤ በቅርቡ ወልዳ ሕፃን ይዞ መመላለስ ገና አልለመደችምና ቤት ትታት ነው የመጣችው። አዲስ ስልክ ጠቅልላ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «እማዬ፣ በቃ ግትርነትሽን ተዪ። የልጅ ልጅሽ ጥርስ ስታወጣ በዓይንሽ ታዪ ወይስ በወሬ ትስሚ?» ግትር መባሉ አልጎዳኝም፣ ለምጄዋለሁ። የልጅቷ ነገር ግን አንጀቴን በላው። አዲሱን ከፈትኩት። የልጅ ልጄ ድዷን እያሳየች መስተዋቱ ላይ ስትስቅ ባየሁ ጊዜ፣ ምን እደብቃለሁ፣ አለቀስኩ። ባለሳጥኑን የድሮ ስልኬን ዘግቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ሴቶቹም ግሩፑ ውስጥ አስገቡኝ። እልልታው፣ አበባው፣ የሚጨፍር ድመት ሁሉ ተላከልኝ። ጎረቤቴም «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ከእኔ ድብደባ ተገላገልሽ» አለችኝ። እኔም ስቄ «እግዜር ይስጥልኝ፣ በሬ እንኳ አረፈ» አልኳት። በማግስቱ አልተንኳኳም። ለምን ይንኳኳል? ስልኬ ትራሴ ሥር ሆኖ ነገረኝ።

የመጀመሪያውን ሰሞን ጎረቤቴ ጉዞው ላይ መጣች። ከዚያ አንድ ቀን ቀረች። ከዚያ ሁለት ቀን። ግሩፑ ላይ «ጉንፋን ነው» ብላ ጻፈች፤ ሴቶቹ በሙሉ የሚጸልዩ እጆችና የመላእክት ሥዕል ላኩላት። እኔም ላክሁላት፣ ፊት ለፊቷ እየኖርኩ። ከዚያ ጉንፋኑም አልተጻፈም። የሚጠይቅም ጠፋ።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት በሬን ስከፍት ዓይኔ ድንጋይዋ ላይ ዐረፈ። መቃኑ ሥር አቧራ ለብሳ ተቀምጣለች። በሬን እንኳ አልዘጋሁም። መንገዱን ተሻግሬ የጎረቤቴን በር ብገፋው ክፍት ነው። ጋጣው ባዶውን አፉን ከፍቷል፣ የላሞቹ ገመድ እንደተሰቀለ ነው። እሷ ፀሐዩ አናት ላይ ደርሶ አልጋዋ ላይ ናት፤ ፀጉሯ አልተሠራም፣ መጋረጃው አልተገለጠም።

«አሞሽ ነው?»

«ምንም አላመመኝም።»

«ታዲያ በእግዜር፣ ምን ሆነሽ ነው?»

ወደ ግድግዳው ዞረች። ፊቷን ሳትመልስ ተናገረች። «ላሞቹ እያሉ ፀሐይ ቀድማኝ አታውቅም። ጡታቸው ሞልቶ ይጮሁ ነበር፣ ካልተነሳሁ መድረሻ አይሰጡኝም። እሱ ሲሞት እንኳ በማግስቱ ተነስቼ አልቤያለሁ። እነሱም ሄዱ። ከዚያ አንቺ ነበርሽ። ‹ዝናብ ላይ ቆማ ትቀራለች› እያልኩ ነው እግሬን ከአልጋ የማወርደው። አሁን ስልክሽ ይነግርሻል። እኔ ተነስቼ ለማን ምን ላደርግ?»

«ላሞችሽን የተካሁት እኔ ነኝ በይኛ!» አልኳት፣ ትስቃለች ብዬ። አልሳቀችም። እኔ ፈራሁ። ሰው ሳያመው እንዲህ ተኝቶ ሲያልቅ አይቻለሁ፤ እናቴ እንዲያ ነው የሄደችው። ያን ሁሉ ማለዳ እሷ እኔን የምታስነሳ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሁለታችንም ነበርን የምንነሳው። ተነሽ፣ በርቺ፣ ጠንክሪ ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ይሄን ሁሉ ሰው ብሏታል።

«እኔ እንኳ የመጣሁት ለሌላ ነገር ነበር» አልኳት። «ያ አዲሱ ስልክ አልተስማማኝም። ለልጄ መልሼላታለሁ።»

ዞራ አየችኝ። «መቼ?»

«ትናንት። ፊደሉ አይታየኝም፣ ድምፁም ቆርቆሮ ነው። ወደ ባለሳጥኑ ተመልሻለሁ። እንግዲህ ይኬዳል አይኬድም፣ የሚነግረኝ የለም። ዳገት ሥር ቆሜ ልቀር ነው።»

መልሷን ሳልጠብቅ ወጣሁ፤ በሬ ላይ ስደርስ ድንጋይዋን በቀሚሴ ጠርጌ መቃኑ ሥር መለስኳት።

አዲሱን ስልክ የት እመልሰዋለሁ፣ ያቺ ድዳም ልጅ እያለች! ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይል የለ ያገሬ ሰው? ባለሳጥኑን ከቁም ሣጥን አውጥቼ ኪሴ ውስጥ፣ አዲሱን ትራሴ ሥር አደረግሁ። ከግሩፑ ልውጣ ብዬም ነበር፣ እንዴት እንደሚወጣ ግን አላወቅሁበትም።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ለብሼ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም። ነጋ፣ ታክሲዎቹ መጮህ ጀመሩ፣ ማንም አልመጣም። ሴቶቹ ያለ እኔ ወጥተው ተመለሱ። ቀኑን ሙሉ የያዝኩት ሁሉ ከእጄ ሲወድቅ ዋለ።

በሁለተኛው ቀን ዝናብ ነበር። ጣሪያው ላይ ሲወርድ ሌላ ድምፅ አያሰማም። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ አትመጣም፣ በዚህ ዝናብ ማን ይመጣል እያልኩ ሳለ በሬ ተደበደበ። እንዲያ ያለ ድብደባ! ያ የተባረከ ቆርቆሮ! ባዶ እግሬን ልወጣ ምንም አልቀረኝም።

ስከፍት ቆማለች። የላሞቹን ጊዜ ቦት ጫማ ተጫምታለች፣ ፀጉሯን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራለች፣ በአንድ እጇ ጃንጥላ፣ በሌላው ድንጋይዋን ይዛለች።

«ዛሬ ቀርቷል ልልሽ ነው» አለችኝ።

አፌን ሳልከፍት ከኋላዬ፣ ከመኝታ ቤቴ፣ ጢን አለ። ደግሞ ጢን። ደግሞ ጢን ጢን። ሴቶቹ መሆናቸው ነው፤ ቀርቷል ለተባለው አንድ በአንድ «እሺ» እየጻፉ፣ አበባ እየጨመሩ። እሷ ከትከሻዬ በላይ ወደ ውስጥ ተመለከተች።

«ምንድነው እሱ?»

«ሬዲዮ ነው» አልኳት።

«ሬዲዮ?»

«አዎ፣ ሬዲዮ።»

ጢን አለ። ከንፈሯ ዳር ተንቀጠቀጠ። ጎንበስ ብላ ድንጋይዋን መቃኑ ሥር፣ ቦታዋ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቀና አለችና ጃንጥላዋን ወደ እኔ ዘንበል አደረገችልኝ።

«ሬዲዮ አይታመንም» አለች። «ነገም ራሴ መጥቼ ነው የምነግርሽ።»