የቦናያ ካሴቶች

ፋዲል በነገሌ ገበያ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነው። በወጣትነቱ ግን ሰው የሚያውቀው ቦናያን በመከተሉ ነበር። ቦናያ ከወታደር ባንድ የወጣ ጊታር መቺ ነው፤ በነገሌ፣ በሻኪሶና በአሬሮ፣ በየሰርጉና በየአዳራሹ ሮክ ይጫወታል። ካሴት አሳትም ሲሉት «ሰው ፊት ካልሆነ እጄ አይፈታም» ብሎ እንቢ አለ።

ስለዚህ ፋዲል ራሱ ይቀዳው ጀመር። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ቦናያ በሚጫወትበት ሁሉ ቴፑን ታቅፎ ይገኛል፤ እሱ ካልቻለ ሹፌሮችን ይልካል። አንድ የሻኪሶ ወርቅ ቆፋሪ የቀዳውን አላስገለብጥም ቢለው፣ ሦስት ቀን እዚያው ሰንብቶ የሰውየውን ሬዲዮ ጠግኖ አስፈቀደው። እንዲህ እያለ ስልሳ አራት ካሴት አጠራቀመ። ሚስቱ ፉዚያ «ቤቱን የቦናያ አደረግከው» እያለች ታማርራለች፤ እንግዳ ሲመጣ ግን «ያንን የአሬሮውን አሰማቸው» የምትለው እሷው ነበረች።

በ2004 ካሴቶቹ ይሻግቱ ጀመር። ፋዲል ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ገለበጣቸው፤ በዚያው አጸዳቸው። ጫጫታውን፣ እልልታውን፣ በየመሃሉ ያለውን ወሬ ቆርጦ ጊታሩን ብቻ አስቀረ። የሻገቱትን ካሴቶች አቃጠለ። በሥራው ኮርቶ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ቦናያ ግራ ጎኑ ሽባ ሆኖ አሬሮ መተኛቱን ፋዲል ሰማ። የቦናያ ሚስት ዲንኪቱ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ልጅም አልነበራቸውም። ፋዲል ቅጂዎቹን በፍላሽ ይዞ ሄደ።

«አካም፣ ኦቦ ቦናያ? ናጋ ነው?» ሲል በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠው።

«ናጋ ነው። ምን ይዘህ መጣህ?»

«እርስዎን ነው ይዤ የመጣሁት» አለና ከፈተለት።

ቦናያ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ደህናው እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ይንቀሳቀስ ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ሲጀምር ብድግ ለማለት ሞከረ።

«ይሄ የሻኪሶው ነው! ትንሽ ወደ ኋላ መልሰው። ከመጀመሬ በፊት ዲንኪቱ ‹ቦናያ፣ ጫማህን እሰር!› ብላ ጮኻ አዳራሹን ሙሉ አስቃብኛለች። እሱን አሰማኝ። ፎቶዋ አለኝ፤ ድምጿ ግን እየጠፋብኝ ነው።»

ፋዲል የሴትየዋን ጩኸት ያስታውሰዋል። የጊታሩን የመጀመሪያ ድምፅ ስለሸፈነበት ተናድዶ ነበር የቆረጠው።

«ቆርጬዋለሁ፣ ኦቦ ቦናያ። ጊታርዎ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ብዬ…»

ቦናያ አልተቆጣም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ጊታሩንማ እኔም አውቀው ነበር» አለ።

ፋዲል በማግስቱ ሻኪሶ ወረደ። ዋናውን ካሴት የያዘው ወርቅ ቆፋሪ አገሩን ለቆ ሄዷል። አዳራሹ ውስጥ የነበሩትን እያፈላለገ፣ የሹፌሮችን ቤት እያንኳኳ፣ ሰባት ወር ፈለገ። ካሴት ያለው ሰው አልቀረም፤ ሁሉም ከጣለው ቆይቷል። ይህን እያደረገ ሳለ አንድ የከብት ነጋዴ የቦናያን ሞት ነገረው። ለቀብሩ እንኳ አልደረሰም።

ፉዚያ ልታጽናናው ሞከረች። «ሳታውቅ ያደረግከው ነው፤ በቃህ።»

«ድምጿ እኮ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ» አላት እያለቀሰ። «እኔ እሰማታለሁ። እሱ ነው ሳይሰማት የሄደው።»