ሳላነብ ያረምኩት ደብተር

ባለፈው ሳምንት እናቴን ሲታክ ከተማ ካለው አፓርታማዋ ሬንተን ወዳለው ቤቴ ሳጓጉዝ ከቁም ሣጥኑ ጥግ የአባቴ ደብተር ወጣ። ስከፍተው የጉንፋን ቅባት ሸተተኝ፤ አባቴ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ መስኮቷ ገጥሞ በማይዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ትኬት ይቆርጥ ስለነበር ደረቱን ሳይቀባ ከቤት አይወጣም።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ሆሳዕና ሳለን አማርኛ ያስተምር የነበረው አባቴ፣ እዚህ በሰው አገር የረዳት መምህርነት ፈተና ለማለፍ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ያጠና ነበር። ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና “ከን”ን ከ“ሜይ”፣ “ሹድ”ን ከ“ማስት” እየለየ ባዶ ቦታ ይሞላል። “እነዚህ ሰዎች ሲያዙህም በጥያቄ ነው፤ አለቃዬ ‘ኩድ ዩ’ ብሎ ሲጀምርልኝ ምርጫ ያለኝ መስሎኝ ዛሬስ አልችልም ብዬው ነበር” እያለ እናቴን ያስቃታል። ያልሆነውን ነገር ቢሆን ብለው የሚመኙበት ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ይበራል፤ “ይሆን ዘንድ” የምንልበት የእኛ የዘንድ አንቀጽ የሩቅ ዘመድ ነው ይል ነበር።

አራሚው እኔ ነበርኩ። ቀይ እስክሪብቶ ገዝቶ ሰጠኝና “ቲቸር፣ እንዳታዝኝልኝ አደራ፤ ስህተቴን ካላየሁ አልማርም” አለኝ። መጀመሪያ ሰሞን ኮራሁ፤ እያደር ግን ሰለቸኝ፣ ቴሌቪዥኑም ከወዲያ ይጠራኝ ጀመር፤ ሳላነብ ራይት በራይት አድርጌ ገጹን መጨረስ ለመድኩ። “ቲቸር፣ እውነት ሁሉንም አግኝቻለሁ?” ሲለኝ፣ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ሳልነቅል “ያህ ዳዲ፣ ኢትስ ጉድ” እለዋለሁ። እሱም ቲቸር ያጸደቀችለትን ስህተት አምኖ ሸመደደው።

ፈተናውን አላለፈም። ለእናቴ “ጥያቄው ከበደኝ” አላት፤ እኔን ምንም አላለኝም፣ ደብተሩን ግን ዳግመኛ አልሰጠኝም። እውነቱን ልናገርና፣ ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። እዚያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ትኬት ሲቆርጥ ኖሮ ሞተ።

አሁን ደብተሩን ሳገላብጥ፣ ከቀይ ራይቶቼ ሥር በዚያ ባማረ የአስተማሪ እጁ ትክክለኛው መልስ በእርሳስ ተጽፏል። ከፈተናው በኋላ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ አርሞታል፤ የእኔን ራይት ግን አንዱንም አልሰረዘም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ገበታ ስንበላ፣ አደራ በላዋ ማን እንደሆነች ያውቅ ነበር።

“ምን አገኘሽ?” አለችኝ እናቴ ከወዲያ ሆና። የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ።

የመጨረሻው መልመጃ ምኞታችሁን በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ይላል። አባቴ በእንግሊዝኛ የጻፈው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ “ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ አብራኝ ብታነብ እንዴት ደስ ባለኝ።” ስህተት ስላልነበረበት እርሳስ አልነካውም። ከጎኑ የእኔ ቀይ ራይት አለ።