የመርከቧ መሄጃ ዜማ

ጎንደር ውስጥ የጠፈር ፊልም ሙዚቃ የምትሰበስብ ጡረተኛ ሴት ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም። ሲሰሙ የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ቢሮ ሳለሁ አጠገቤ ተቀምጣ ታይፕ የምትመታው ሴትም ትስቅብኝ ነበር። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ወሬ ሰበሰበች፤ እኔ ዜማ ሰበሰብሁ።

የጀመርሁት ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ በነበረበት ዘመን ነው። በሳምንት አንድ ምሽት፣ በጠፈር መርከብ ከዓለም ዓለም ስለሚዞሩ ሰዎች የሚተርክ የውጭ ተከታታይ ፊልም ይታይ ነበር። እኛ ቴሌቪዥን አልነበረንም፤ የነበራቸው ሽማግሌው ጎረቤታችን ናቸው። የሰፈሩ ሰው የሚሰበሰበው ጭራቆቹን ሊያይ ነው። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ብቀመጥም አይከፋኝም፤ የምሄደው ሙዚቃውን ልሰማ ነው። ይህ የገባው ባሌ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከአስመራ ሲመለስ ቴፕ ይዞ መጣና፣ "በይ እንቅዳው" አለኝ።

ሙዚቃው ሊጀምር ሲል ባሌ ቴፑን ወደ ቴሌቪዥኑ ያስጠጋል፤ እኔ ሁለቱን የመቅጃ ቁልፎች አንድ ላይ እጫናለሁ። ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ከባለ ቤቱ ከሽማግሌው በቀር። እሳቸው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

"ኧረ አያ፣ ቆሎውን ትንሽ ይተዉት! ድምፁ ይገባል እኮ" ይላቸዋል ባሌ።

"ምነው፣ በገዛ ቤቴ? ቴፑ ካማረው እሱም ይዝገን!"

ሰው ይስቃል፤ ሳቁም አብሮ ይቀዳል። ያን ጊዜ ብሽቅ እል ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን በራቸውን ባይከፍቱልን ምን ይኖረኝ ነበር እላለሁ። ነፍሳቸውን ይማር።

ከሁሉ የምወደው መርከቧ ከአንዱ ዓለም ተሰናብታ ስትርቅ የሚሰማው ዝግ ያለ ዜማ ነው። ዋሽንት የሚመስል ነገር ብቻውን ይጀምራል፤ ሌሎቹ ከኋላ ቀስ ብለው ይከተሉታል። እሱን የቀዳንበት ካሴት ላይ ባሌ በእጁ "መሄጃ" ብሎ ጻፈበት።

ባሌ የሞተ ዕለት ማልቀስ አቃተኝ። መላ ሰውነቴ ደንዝዞ ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣችው ታላቅ እህቱ በለቀስተኛው መሐል፣ "ዓይኗን እዩት፣ ደረቅ!" አለች። ሁሉም ሰማ። ከሣልስቱ በኋላ ደግሞ፣ በሐዘን ቤት ዘፈን አይቀመጥም ብላ ካሴቶቼን በሙሉ በነጠላ ቋጥራ ይዛቸው ሄደች። ቴፑን ተወችልኝ። ያለ ካሴት ቴፕ ምን ያደርግልኛል?

በሙት ዓመቱ ዘመድ ተሰብስቦ ከልሽን አውጪ አለኝ። አላወጣም አልሁ። ደረቅ ያለችኝ ሴት ትየው ብዬ ነው። ከሌን እንደ ለበስሁ ዓመት በዓመት ላይ ሄደ፤ ከሌን እንደ ለበስሁ ጡረታ ወጣሁ። ካሴቶቼን አምጪ ብዬ አልጠየቅኋትም። እሷን ከምለምን ይቅርብኝ አልሁ። ጥላቸዋለች፣ ወይም ሌላ ነገር ቀድታባቸዋለች ብዬም ደመደምሁ።

አሁን ዘመኑ ተለወጠና ፒያሳ ያለው ሙዚቃ ቤት የፈለጉትን በፍላሽ ይጭናል። የዚያን ፊልም ሙዚቃ ሁሉ አስጫንሁ። ጥርት ያለ ነው፤ ቆሎ የለው፣ ሳል የለው። አንድ በአንድ አዳመጥሁት። "መሄጃ" የለም።

"እናቴ፣ ያሳተሙት ይኸው ነው" አለኝ ባለ ሙዚቃ ቤቱ። "ፊልሙ ላይ የሚሰማው ሁሉ አይታተምም፤ ፊልሙን ራሱን ደግሞ አላገኘሁትም።"

እንግዲህ ያን ዜማ እንደገና ልሰማ የምችለው በዚያው ካሴት ብቻ ነው። ካሴቱ ደግሞ ያለው፣ ካለ፣ እሷ ዘንድ ነው።

ክረምቱ እንደ ወጣ መታመሟን ሰማሁ። የታመመ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ልመናም አይባልም። ተዘግቶ የቆየው መንገድ በተከፈተ ሳምንት ቴፑን በዘንቢል ይዤ፣ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ገዝቼ፣ አምባ ጊዮርጊስ ሄድሁ። አልጋዋ ላይ ከስታ አገኘኋት።

"መጣሽ? ከነከልሽ?"

"ከነከሌ። እንዴት ነዎት፣ እትየ?"

"እንደምታዪኝ።"

መቼም መጥቻለሁ ብዬ አወጣሁት፦ "እትየ፣ እነዚያን ካሴቶች የት አደረሷቸው?"

"የት አደርሳቸዋለሁ? ሣጥኑ ውስጥ ናቸው።"

"ምነው ታዲያ እስከ ዛሬ?"

"ምነው ትለኛለች ደግሞ! ከል ለለበሰች ሴት ዘፈን ላምጣልሽ? ከጎንደር የመጣውን ሁሉ 'አወጣች ወይ?' እላለሁ፤ 'አላወጣችም' ይሉኛል። ወንድሜን እንደሷ ያዘነለት የለም እያልሁ ለአገሩ ስናገር ኖርሁ።"

እኔ እሷን ላሳፍር የለበስሁትን እሷ ስትኮራበት ኖራለች።

"ደረቅ ያሉኝስ?"

"ብያለሁ። ታዲያ ደረቅ አልነበረም?"

ሣጥኑን ከፈትሁ። ካሴቶቹ እንደ ተቋጠሩ ናቸው፤ አንድ አልጎደለም። በላያቸው ያልተለበሰ ነጭ ነጠላ ታጥፎ ተቀምጧል።

"ያንቺ ነው" አለች። "ለሙት ዓመቱ ያስፈተልሁት። ነይ፣ ጎንበስ በይ።"

ጎንበስ አልሁ። ጥቁሩን ከትከሻዬ ሳበችና ነጩን አለበሰችኝ።

"መሄጃ" የተጻፈበትን ካሴት በእስክሪብቶ አጠንጥኜ ከፈትሁት። መጀመሪያ ቆሎ ተቆረጠመ። ከዚያ ባሌ፣ "እሽሽ! ጀመረ" አለ። ከዚያ ዋሽንቱ።

እሷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዜማው ሲያልቅ፣ "ለዚህ ነው ይህ ሁሉ? ግጥም እንኳ የለውም!" አለች። ቆየችና፣ "በይ መልሺው፣ እሱ ከሚናገርበት" አለችኝ።

መለስሁት።

ደረቅ ያለችኝን ይቅር አላልሁም፤ እሷም ይቅርታ አልጠየቀችኝም። እኔ ቤት የቀሩት መጻሕፍትና ፎቶዎች በየክረምቱ ሻጋታ ሲበላቸው፣ እሷ ግን የእኔን ካሴቶች ሳታስነካ አኑራልኛለች። ለዚህ አመሰግናታለሁ፤ ለራሷም ነግሬያታለሁ። መንገዱ በተከፈተ ቁጥር ነጩን ነጠላ ለብሼ፣ ቴፑን በዘንቢል ይዤ እሄዳለሁ፤ አብረን እንሰማለን። ካሴቱን ግን እሷ ዘንድ ትቼ አልመጣም። አንድ ጊዜ ወስዳ አሳይታኛለች።